መሙያ የሌለው ሰዓት፦ ደብረ ብርሃን የመጣ የአንድ ፊውቸርማቲክ ጉዳይ

ሰዓቱ ለኩልትር ፊውቸርማቲክ ይባላል። የስዊስ ሥራ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1951 ለገበያ ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ ከምርት ወጣ። በሰሜን ሸዋ እጄ የገባ ሌላ የለም፤ አዲስ አበባ የሚሠሩ የሙያ ባልደረቦቼን ስጠይቅም ስሙን የሰማ እንጂ ከፍቶ ያየ አላገኘሁም። ባለቤቱ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ስማቸው እንዳይነሳ ስለጠየቁኝ እዚህም እንደ ሱቄ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ።

የቀረበልኝ ቅሬታ አጭር ነበር፦ ሞቷል። ጋሼ ከጋቢያቸው ሥር አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡትና፣ "ልጄ፣ ሦስት ሰው አይቶልኛል። አንዱ መሙያው ወድቋል አለኝ። አንዱ ውስጡ ተጣብቋል፣ አይሆንም አለ። የመጨረሻው የባትሪ ማሽን ልክተትበትና ይገላገሉ አለኝ። አንተ ደግሞ አራተኛ ሁንና ፍረድ" አሉኝ።

ከእኔ በፊት ያዩት ሰዎች ሰነፎች አልነበሩም። ሁለቱ የተናገሩት በዓይናቸው ያዩትን ነው፤ ችግሩ ያዩት ነገር ብልሽት መሆን አለመሆኑ ላይ ነበር። ሦስተኛው ሐሳብ ግን ምርመራ ሳይሆን ንግድ ነው፤ እሱን ትቼዋለሁ።

የመሙያውን ነገር እንይ። አብዛኛው የእጅ ሰዓት በቀኝ ጎኑ፣ በሦስት ቁጥር ትይዩ፣ ተሽከርካሪ መሙያ አለው። በዚህኛው ያ ቦታ ልሙጥ ነው። ሆኖም መሙያ የወደቀበት ሰዓት ቀዳዳ ይተዋል፤ ዘንጉ የሚገባበት ቀዳዳ የግድ ይኖራል። እዚህ ቀዳዳ የለም፤ ቀዳዳ ተደፍኖ የተወለወለበት ምልክትም የለም። በሉፕ (ዓይን ላይ በሚያዝ ማጉያ) ሳየው ግን በጎኑ ላይ በመርፌ የተነቀሰ የምታህል ነጥብ አገኘሁ። ጋሼን ስጠይቃቸው፣ ከእኔ በፊት ካዩት አንዱ መሙያ ሊያስገባለት በድሪል ሊበሳው ምልክት አድርጎ እንደነበርና እሳቸው እንደከለከሉት ነገሩኝ። ደግ አደረጉ። ያ ቀዳዳ ቢበሳ ኖሮ ዘንጉ የሚያርፍበት ጥርስ ውስጥ ስለሌለ መሙያው ከባዶ ቦታ ጋር ይገናኝ ነበር።

መሙያው ያለው ከጀርባ ነው። ክዳኑ ላይ ጠፍጣፋ፣ ዳር ዳሩ የተጠረበ ክብ ነገር አለ፤ ወደ መሀል ገፋ ሲደረግ ከቆጣሪዎቹ ጋር ይያያዛል፣ ሲዞርም ሰዓቱን ያስተካክላል። ጉልበት የሚያጠራቅመውን ጥቅል ስፕሪንግ፣ ሞላውን፣ ግን አይሞላም። ይህን ሰዓት በእጅ መሙላት ከነጭራሹ አይቻልም፤ የሚሞላው ክንድ ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው። ፋብሪካው ያሰበውም ይህንኑ ነው፦ ባለቤቱ ማሰር እንጂ ሌላ ሥራ እንዳይኖረው።

መሙያን ከጎን የማስወገድ ሐሳብ ከለኩልትር በፊትም ነበር። ጆን ሃርውድ የሚባል እንግሊዛዊ ሰዓት ጠጋኝ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የመጀመሪያዎቹን ለገበያ የበቁ አውቶማቲክ የእጅ ሰዓቶች ሲሠራ መሙያውን ጨርሶ አውጥቶ፣ ቆጣሪዎቹን የመስተዋቱን ክፈፍ በማዞር እንዲስተካከሉ አድርጎ ነበር። ምክንያቱ የጠጋኝ ምክንያት ነው፤ ለጥገና የሚመጡለት ሰዓቶች ውስጥ የሚያገኘው አቧራና እርጥበት የሚገባው በመሙያው ቀዳዳ መሆኑን አይቷል። በአቧራ መንገድ ዳር ሱቅ ያለው ሰው ይህን ሐሳብ ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ወደ ሁለተኛው ሐሳብ ልለፍ፣ ክብደቱ ያለው እዚህ ነውና። "ተጣብቋል" ያለው ሰው ሰዓቱን ጆሮው ላይ ይዞ ነቅንቆታል፤ ምንም አልተሰማውም። እኔም ነቀነቅኩት፣ ምንም የለም። ዛሬ ያሉ አውቶማቲክ ሰዓቶች ውስጥ ግማሽ ክብ የሆነ ክብደት ሙሉ ዙር ይዞራል። ከቀድሞዎቹ ብዙዎቹ ግን፣ ይህም ጭምር፣ ክብደታቸው የክቡን ከፊል ብቻ ሄዶ በግራና በቀኝ ካሉ ትንንሽ ስፕሪንጎች ጋር እየተጋጨ ይመለሳል። ጤነኛ ከሆነ ነቅነቅ ሲደረግ ግጭቱ ለእጅ ይሰማል፣ ለጆሮም ይደርሳል። ድምፅ ሲጠፋ ተጣብቋል ማለት ምክንያታዊ ነው።

ነገር ግን የሰዓቱ ፊት ሌላ ምስክር ይሰጥ ነበር። በሦስት ቁጥር በኩል ትንሽ የሰከንድ ክብ አለ፤ በዘጠኝ ቁጥር በኩል ደግሞ በመጠን የምትመሳሰላት ሌላ ክብ አለች፣ ውስጧ አንዲት ቆጣሪ። የጋሼ ቤተሰብ ይህችን ቆጣሪ "ቀን ቆጣሪው" ይሏት ነበር፤ ቀን የምትቆጥር ከሆነች ግን የትኛውን ቀን እንደሆነ የሚያውቅ በቤቱ አልነበረም። ነገሩ ሌላ ነው። ይህች ቆጣሪ ሞላው ውስጥ የቀረውን ጉልበት ታሳያለች፤ በመኪና እንዳለችው የነዳጅ ጌጅ። እኔ ሳያት ጫፏ ላይ ነበረች፣ በሙሉ በኩል።

ጉዳዩ የተፈታው በዚህ ነው። የዚህ ማሽን ሥሪት ክብደቱን ነጻ አይለቅም፦ ሞላው እስከ ጫፍ ሲጠመጠም ከጉልበት ጠቋሚው ጋር የተያያዘች ትንሽ መንጠቆ ተነስታ ክብደቱን ትይዘዋለች፤ ያለበለዚያ ሞላው ከልክ በላይ ይወጠር ነበር። ጉልበቱ ሲቀንስ መንጠቆዋ ትለቃለች፣ ክብደቱም ሥራውን ይቀጥላል። ስለዚህ ክብደቱ የቆመው ተጣብቆ ሳይሆን ሞልቶ ነው። ሞልቶ ሳለ የማይሄድ ሰዓት ደግሞ ብልሽቱ ከመሙላት በኩል አይደለም። ከሞላው እስከ ባላንሱ (እየተወዛወዘ የሰዓቱን ፍጥነት እስከሚወስነው ክብ) ባለው የጥርሶች መንገድ ላይ የሆነ ቦታ ነው።

እንዴት ሞላ? እዚህ ላይ ጋሼን ብዙ ጠየቅኳቸው፤ የሰዓት ሕመም ግማሹ ያለው ባለቤቱ አፍ ውስጥ ነው። ሰዓቱ የአባታቸው ነበር። አባታቸው ሲያርፉ ወደ እሳቸው ሲመጣ እሳቸው ሸዋ ሮቢት ያስተምሩ ነበር። "ሮቢት ሳለሁ አልፎ አልፎ ይሄድ ነበር" አሉኝ። "ሲቆምብኝ ነቅነቅ አደርገዋለሁ፣ ይነሳል። ደብረ ብርሃን ከተዛወርኩ በኋላ ግን ብነቀንቀው ብነቀንቀው እምቢ አለ።"

ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ቆላ ነው። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ገደማ ነው፤ በመካከሉ የጣርማ በርን ገደል ወጥቶ ያለፈ ሰው ልዩነቱን በጉልበቱም በጆሮውም ያውቀዋል። ኅዳርና ታኅሣሥ ማለዳ እዚህ ውርጭ ይጥላል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ለሰዓት ከሚውለው ዘይት ብዙው ከእንስሳት ስብ የሚወጣ ነበር፤ ዓመታት ሲያልፉ ከአየር ጋር ተዋሕዶ እንደ ሙጫ ይሆናል። ሙጫው በሮቢት ሙቀት ለዘብ ይላል፣ ባላንሱም በግድ ይንቀሳቀሳል። ጣርማ በርን ተሻግሮ ሲወጣ ይጠነክራል። ጋሼ በደብረ ብርሃን ብርድ የቆመውን ሰዓት ለማስነሳት በነቀነቁት ቁጥር ሞላውን እየሞሉት ሄዱ፤ ሞላው ጥግ ሲደርስ መንጠቆዋ ተነሳች፣ ክብደቱም ዝም አለ። ከዚያ ወዲህ ማንም ቢነቀንቀው ድምፅ አይሰማም።

ክዳኑን ሳልከፍት እዚህ ድረስ ደርሼ ነበር። ስከፍተው ያየሁት ግምቱን የሚያጠናክር ነው፦ የጥርሶቹ ዘንግ በሚዞርባቸው ማረፊያ ድንጋዮች ዙሪያ ቡናማ፣ አንዳንድ ቦታ ወደ አረንጓዴ የሄደ ዝልግልግ። ማሽኑ ካሊበር (የሞዴል ቁጥሩ) 497 ነው፣ ባለ 17 ድንጋይ፣ በሰዓት 18,000 ጊዜ የሚመታ፤ በሰከንድ አምስት ምት ማለት ነው። ዝገት የለም። ለዚህ የጎን መሙያ አለመኖሩ የራሱ ድርሻ ሳይኖረው አይቀርም።

ጉዳትም አለ። ክብደቱን በግድ ሊያላቅቅ የሞከረ ሰው በካቻቢቴ ገፍቶታል፤ የመንጠቆዋ ጫፍ ተጭሯል፣ በግራ በኩል ያለው የግጭት ስፕሪንግም ከመስመሩ ወጥቷል። መንጠቆዋ ጭረቷን ይዛ ሥራዋን ትሠራለች። ስፕሪንጉን በተመለከተ በኋላ እመለሳለሁ።

ሞላው ጥግ ድረስ ተጠምጥሞ ሳለ ማሽን የሚፈታ ሰው ጥርስ ይሰብራል፤ አንዳንዴም ከሰበረው ጥርስ ግማሹን ወለል ላይ ይፈልጋል። መሙያ ያለው ሰዓት ቢሆን መሙያውን በጣት ይዞ ጉልበቱን መልቀቅ ቀላል ነበር። እዚህ የሚያዝ ነገር የለም። የሞላውን ጥርስ የምትይዘውን ቁልፍ በወረንጦ ፈቀቅ እያደረግኩ፣ ጥርሱን በሾለ የወይራ ስንጥር እየገታሁ፣ ትንሽ በትንሽ ለቀቅኩት። ጥቂት ጥርስ እንዳለፈ መንጠቆዋ ራሷ ወረደች፣ ክብደቱም ከነበረበት ተንሸራቶ ቀኝ ስፕሪንጉን መታ። ከጎኔ ቆሞ የሚያይ ተማሪዬ፣ "ተላቀቀ!" አለ። አልተጣበቀም ነበር፣ ምን ተላቀቀ ይባላል።

የቀረው እንደማንኛውም ሰርቪስ ነው፦ ፈቶ በቤንዚን ማጠብ፣ የድንጋዮቹን ቀዳዳ በስንጥር ማጽዳት፣ በሉፕ ማየት፣ ዘመናዊ ሰው ሠራሽ ዘይት በመርፌ ጫፍ ማኖር። የባላንሱ ዘንግ ጫፎች ሳይሰበሩ ቆይተዋል። መጀመሪያ ሲነሳ በቀን ከአንድ ደቂቃ ያላነሰ ይፈጥን ነበር፤ በስልክ ምት በሚያዳምጥ አፕሊኬሽን እያየሁ አስተካከልኩት።

ስለ ሰዓቱ አመጣጥም መናገር አለብኝ፣ ቤተሰቡ ከጥገናው ይልቅ የጓጓው ለዚህ ነበርና። የጋሼ አባት የመንዝ ሰው ናቸው፤ ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮርያ ዘምተው ሰዓቱን ከዚያ እንዳመጡት በቤቱ ይነገራል። አያት የነካው ዕቃ ሁሉ የዘመቻ ታሪክ ስለሚበጅለት እንዲህ ያለውን ነገር ስሰማ እጠራጠራለሁ። እዚህ ግን ሰዓቱ ራሱ የሚለው አለ። ፊቱ ላይ የተጻፈው "ለኩልትር" ብቻ ነው፤ በአውሮፓ ይሸጥ የነበረው "ዤገር ለኩልትር" ይላል። ከባላንሱ በላይ ያለው ድልድይ ላይ ደግሞ ሦስት የላቲን ፊደላት ተቀርጸዋል፦ ቪ፣ ኤክስ፣ ኤን። እነዚህ ማሽኑን ወደ አሜሪካ ያስገባው ድርጅት መለያ ናቸው። በዚያ ዘመን የአሜሪካን ቀረጥ ለመቀነስ ማሽኑ ከስዊዘርላንድ ይገባና ቀፎው እዚያው አሜሪካ ይሠራለት ነበር፤ የዚህኛው የክዳን ውስጥም "10 ካራት ጎልድ ፊልድ" የሚል የአሜሪካ ማኅተም አለው።

እንግዲህ ሰዓቱ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ነው። ቃኘው ሻለቃ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1951 ኮርያ ደርሶ የተሰለፈው በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ነበር፤ የአሜሪካ ጦር ደግሞ ለወታደሮቹ የሚሸጥባቸው የራሱ ሱቆች ነበሩት። ሰዓቱ ለገበያ የወጣበት ዓመትና ዘመቻው ይገጥማሉ። ይህ ማስረጃ ሳይሆን አለመጋጨት ነው፤ ለጋሼም የነገርኳቸው በዚሁ ልክ ነው። እሳቸው ግን ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ ከዚያ በላይ መከራከር አልፈለግኩም።

ወርቁን በሚመለከት ደስ የማይል ነገር መናገር ነበረብኝ። ጎልድ ፊልድ ማለት በነሐስ ላይ በግፊት የተለበጠ የወርቅ ንጣፍ ነው። ከተራ ቅብ ይወፍራል፣ ንጹሕ ወርቅ ግን አይደለም። አንድ ወርቅ ሠሪ በግራም ሊገዛቸው ጠይቆ ነበር፤ ቢሸጡለት ኖሮ ነሐስ የገዛው እሱ፣ ማሽኑን የሚጥለውም እሱ ይሆን ነበር። የዚህ ሰዓት ዋጋ ያለው በማሽኑ ውስጥ ነው፣ በቀፎው አይደለም።

ሰዓቱን አስረው በሄዱ በሳምንታት ውስጥ ጋሼ ተመለሱ፤ ፊታቸው ጥሩ አልነበረም።

"ማታ አስቀምጠዋለሁ፣ ጧት ቆሞ አገኘዋለሁ። ባዶ ቢሆንማ ይሁን። ቆጣሪዋ ግን ገና አለኝ ትላለች። ጉልበት እያለው የሚቆም ሰዓት ምን ይባላል?"

ይህ ሁለተኛው ቅሬታ ከመጀመሪያው ይበልጥብኛል፣ ምክንያቱም ማሽኑ ጤነኛ ሆኖ የተነሳ ነው። ፊውቸርማቲክ የስድስት ሰዓት ጉዞ ያህል ጉልበት ብቻ ሲቀረው ሆን ብሎ ባላንሱን ይይዛል። ሞላው ተፈቶ እስኪያልቅ አይጠብቅም። ምክንያቱን ለጋሼ እንዲህ አልኳቸው፦ መሙያ ያለው ሰዓት ባዶ ሆኖ ሲቆም በጣት ዞር ዞር ይደረግና ይነሳል። ይህ መሙያ የለውም፤ ባዶ ሆኖ ቢቆም ገና በክንድ እንቅስቃሴ እስኪጠራቀምለት ይጠብቅ ነበር። ስለዚህ መነሻ ያህል ይዞ ይቆማል፣ ባሰሩት ቅጽበት ይነሳል። ደካማ ሞላ ሰዓትን ስለሚያዛባ፣ ያንን የመጨረሻ ክፍል አለመጠቀሙም ጥቅም አለው።

ጋሼ መምህር ናቸው፤ አስረዱኝ ብለው ዝም የሚሉ አይደሉም። "ታዲያ መሙያውን መጀመሪያውኑ ባያወጡት ይህ ሁሉ ለምን ያስፈልግ ነበር?" አሉ።

መልስ የለኝም፣ ልክ ናቸው። የፊውቸርማቲክ ብልኃት ብዙው ራሱ የፈጠረውን ችግር ለመፍታት የተደከመበት ነው። መሙያው ወጣ፤ ስለወጣ ጉልበት ጠቋሚ አስፈለገ፤ ባዶ እንዳይሆን ባላንስ ያዥ ተጨመረ። እያንዳንዱ ክፍል ድንቅ ነው። ተፎካካሪዎቹ ግን ሙሉ ዙር የሚዞር ክብደት ሠርተው መሙያውን በጎኑ ተዉት፤ ገበያውም ከእነሱ ጋር ሄደ። እኔ ይህን ማሽን እወደዋለሁ፣ ለሰው ግዛ ብዬ ግን አልመክርም።

የቀረው ጥያቄ ሌሊቱን ሙሉ የሚያስኬደው ጉልበት በቀን ለምን አይጠራቀምም የሚለው ነበር። ጋሼ ማታና ጧት የጠቋሚዋን ቦታ በደብተር እንዲጽፉልኝ ለመንኳቸው። የተማሪ ውጤት እንደሚሞሉ ሆነው በመስመር ጽፈው አመጡት። ነገሩ ግልጽ ነበር፦ ገበያ በወጡ ቀንና ቤተ ክርስቲያን በሳሙ ቀን ጠቋሚዋ ከፍ ትላለች። በረንዳ ላይ ጋቢ ተከናንበው በዋሉ ቀን ከሰዓት በኋላ ጀምራ ትወርዳለች፣ ሌሊት ጉልበት ማነሱን ወደሚያሳየው ቀይ ክፍል ትገባለች፣ ሰዓቱም ይቆማል። አባታቸው ወታደር ነበሩ። ጋሼ ጡረተኛ ናቸው። ሰዓቱ ግን የሚያውቀው ክንድን ብቻ ነው።

የታጠፈው ስፕሪንግም ድርሻ አለው። ክብደቱ በግራ በኩል ሲመታ እንደሚገባው አይነጥርም፣ በየምቱ ትንሽ ጉልበት ይባክናል። አዲስ ስፕሪንግ አገር ውስጥ አይገኝም። አቅንቼ ልመልሰው እችል ይሆናል፣ ሊሰበርም ይችላል፤ ከተሰበረ ነገሩ ይብሳል። ስለዚህ ሳልነካው ተውኩት፤ ለጋሼም ነገርኳቸው፣ ተስማሙ።

ምግብ ቤት ያላት ልጃቸው ሰዓቱን እሷ ብታስረው እጇ ቀኑን ሙሉ ስለማያርፍ ይሞላል ብላ ነበር። እውነቷን ነው፤ ነገር ግን እንፋሎትና የዕቃ ማጠቢያ ውሃ እርጥበት ለሚከለክለው የሰባ ዓመት ጎማ አይሆንም። መፍትሔው ከጋሼ ከራሳቸው መጣ። በግራ ያስሩት የነበረውን ወደ ቀኝ አዛወሩት፤ ምርኩዝ የሚይዙት፣ የሚጽፉት፣ ሰላም የሚሉትም በቀኝ ነው። ሌላ ሰዓት በቀኝ ሲታሰር መሙያው ወደ ክንድ ዞሮ ይወጋል። ይህ የሚወጋ ነገር የለውም።

ከዚያ ወዲህ ደብተሩ ላይ ሰዓቱ የቆመባቸው ሌሊቶች አንሰዋል፣ አልጠፉም። በቆመ ጧት ጋሼ አስረውት ይነሳል፣ ከጀርባ በኩል ያስተካክሉታል፣ ይሄዳል። ስፕሪንጉን ከውጭ ሊያስመጣ የሚችል ሰው እያፈላለግኩ ነው፤ እስኪገኝ በየዓመቱ በጥቅምት፣ ውርጩ ሳይጀምር፣ ዘይቱን እያየሁ እንድመልስላቸው ተነጋግረናል።